የተራበ ሰው መልክ የማን ነው?

በሰሜን አውሮፓ አገሮች የሚገኙ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየሞች በመጪው ወቅት የሚያሳዩትን የሥዕል ኤግዚቢሽን ከወራት አስቀድመው በጽሑፍ የማስታወቅ ልማድ አላቸው። ወደነዚያ አገሮች ሄደው የሰፈሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አልፎ አልፎ ወረቀቶቹን ከደብዳቤ ጋር አጥፈው ይልኩልናል። ወረቀቱም በንባብ ክበባችን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ጫፉ እስኪበላ ድረስ ይታያል። ትኬት ቆርጠን እንደማንገባ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ሙዚየም ለመግባት ትኬት ቢያስፈልግም ስለ ሥዕል ለማሰብ ግን ትኬት አያስፈልግም። ስለዚህ በእነዚህ ወረቀቶች ምክንያት በመካከላችን የተነሣውን አንድ ጥያቄ በዛሬው ጽሑፋችን ለውድ አንባብያን እናቀርባለን። ጥያቄው ይህ ነው፦ የተራበ ሰው መልክ የማን ነው? የራሱ የባለመልኩ ነው? የሠዓሊው ነው? ወይስ ከፍሎ የሚያየው ሰው?

(የውጭ አገር ታሪክ ስንጠቅስ ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአገራችንን ስንጠቅስ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።)

ጥያቄውን ያስነሣው ኖርዌያዊው ሠዓሊ ክሪስቲያን ክሮግ በ1889 የሠራው «የህልውና ትግል» የተባለው ሥዕል ነው። ዛሬ ሥዕሉ ያለው በኦስሎ ከተማ፣ በ2022 አዲሱን ሕንጻ ለሕዝብ በከፈተው በኖርዌይ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ነው። የሚያሳየው በዚያን ጊዜ ክሪስቲያኒያ ትባል የነበረችውን የዚችኑ ከተማ ዋና ጎዳና በበረዶ ወራት ነው። በአንድ ዳቦ ቤት በር ላይ ሴቶችና ሕፃናት ተደራርበው እጃቸውን ዘርግተዋል። ከበሩ ውስጥ ዳቦ የያዘ አንድ እጅ ብቻ ወጥቷል፤ የሰጪው ፊት አይታይም። ከዚያ ወዲያ ጎዳናው ጭር ያለ ነው፤ በሩቁ አንድ ፖሊስ ይታያል።

ይህን ሥዕል ለዚህ ሰፈር ነዋሪ ለማስረዳት ብዙ ቃል ማባከን አያሻም። ሰልፉን እናውቀዋለን። ፊቱ የማይታየውን እጅም እናውቀዋለን። የራሽን ቀን ማለዳ ከመጋዘኑ ደጃፍ የቆመ ሰው ሁሉ ሠዓሊው እንዳልዋሸ ይመሰክራል።

በመጀመሪያ ብዙዎቻችን የተደነቅነው «እነዚያ አገሮችም ተርበው ያውቃሉ እንዴ?» በማለት ነበር። አዎን፤ ተርበው ያውቃሉ። ፊንላንድ ከ1866 እስከ 1868 በደረሰባት ረሃብ ከሕዝቧ ከመቶው ስምንት ያህሉን ቀብራለች። ከኖርዌይ ከ1825 ጀምሮ በመቶ ዓመት ገደማ ውስጥ 800,000 ያህል ሕዝብ፣ ከስዊድንም ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ አገሩን ለቆ ወጥቷል፤ አብዛኛውም የሄደው ወደ ሰሜን አሜሪካ ነው። እንግዲህ ዛሬ ስደተኛ ተቀባይ ናቸው የምንላቸው አገሮች ትናንት ስደተኛ ላኪዎች ነበሩ ማለት ነው። ይህን የምናነሣው በሰው መከራ ለመጽናናት አይደለም። ረሃብ የአንድ ዘር ጠባይ ወይም የአንድ አገር ዕጣ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም የሚመጣበትም የሚወገድበትም ምክንያት ያለው ነገር እንደሆነ ልብ እንድንል ነው።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ተጀመረ። አንድ ወንድማችን፦ «ይህ ሥዕል ግፍ ነው። እነዚያ ሴቶች በብርድ ሲንቀጠቀጡ ሠዓሊው ቀለሙን ያማርጥ ነበር። ዛሬ ደግሞ ኮቱን በር ላይ አስቀምጦ የገባ ጥጋበኛ ፊቱን ሰብሰብ አድርጎ ያያቸዋል፤ ከዚያም ወርዶ ቡናውን ይጠጣል» አለ። ሌላው መለሰለት፦ «ባይስላቸው ኖሮ ማን ያስታውሳቸው ነበር? የጠገበ ሰው የተራበ ያለ አይመስለውም፤ እንዲመስለው ያደረገ ሰው እንዴት ግፈኛ ይባላል?» ሁለቱም እየተፈራረቁ ብዙ ተናገሩ። ንግግራቸውም የሚናቅ አልነበረም።

በዚህ መካከል ወረቀቱ ከእኛ ጋር ከተቀመጡ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት እጅ ደረሰ። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ትንሽ ካዩ በኋላ፦ «ለመሆኑ ዳቦው ደረሳቸው ወይ?» ብለው ጠየቁ።

ሁላችንም ዝም አልን። ስለ ሠዓሊው መብት ተከራክረናል፤ ስለ ተመልካቹ ኅሊናም ተከራክረናል። ሰልፍ ላይ ስላሉት ሰዎች ግን የጠየቀ አልነበረም። የጽሑፋችን ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። የተራበን ሰው የሚያሳይ ሥዕል ሁሉ ሁለት ሒሳብ አለው። አንደኛው፦ እውነቱን ተናግሯል ወይ? የሚል ነው። ሁለተኛው፦ ለባለመልኩ ምን መለሰለት? የሚል ነው። ሠዓልያንና ሐያስያን ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ሒሳብ ብቻ ይጠያየቃሉ። ሁለተኛውን የሚጠይቅ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለ ክሮግ ራሱ ሚዛናችን ትክክል እንዲሆን ሌላውን ሥራውን እንመልከት። ክሮግ ሕግ የተማረ፣ በጋዜጣም የሚጽፍ ሰው ነበር። በ1886 «አልበርቲነ» የተባለ ልብ ወለድ አሳተመ። ታሪኩ አንዲት ድሃ ልብስ ሰፊ ልጅ በድህነትና በፖሊስ በደል ወደ ሴተኛ አዳሪነት እንዴት እንደተገፋች የሚናገር ነበር። መንግሥት መጽሐፉን ወዲያው ወረሰው፤ ደራሲውም ተከሶ በገንዘብ ተቀጣ። በዚያው ሰሞን ሲሠራው የነበረውን «አልበርቲነ በፖሊስ ሐኪም ማቆያ ክፍል» የተባለውን ትልቅ ሥዕል በ1887 ጨረሰ። በሥዕሉ ላይ ከፊት ጎልተው የሚታዩት ያጌጡ ሴቶች ናቸው። አልበርቲነ ግን ሻሿን እንዳሰረች ከኋላ፣ ለምርመራ በምትገባበት በር አጠገብ ናት። ተመልካቹ የታሪኩን ባለቤት ለማግኘት መፈለግ አለበት። በከተማይቱ ፖሊስ ይመራው የነበረው የሴተኛ አዳሪነት ቁጥጥር በ1888 ተሻረ። ይህን የአንድ መጽሐፍ ወይም የአንድ ሥዕል ውጤት ብቻ ማለት አይገባም፤ ብዙ ሰዎች የታገሉበት ነገር ነው። ቢሆንም ሠዓሊው ባየው ነገር ተከራክሯል፤ ተከሷል፤ ተቀጥቷል። የሰው መከራ ስሎ ዋጋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው አይደለም። የዚያው ዘመን መንግሥት ልጅ የነበረው ብሔራዊ ሙዚየም ሥዕሉን የገዛው በ1907፣ ነገሩ ከበረደ በኋላ ነው። ሙዚየም አብዛኛውን ጊዜ እውነትን የሚቀበለው ስትበርድ ነው።

ሌላው ምሳሌያችን ፊንላንዳዊው ኤሮ ያርኔፌልት ነው። በ1893 የሠራውና በሄልሲንኪ በአቴኔዩም ሙዚየም የሚገኘው ሥዕሉ ገበሬዎች ደን መንጥረው ሲያቃጥሉ፣ መሬቱን ለዘር ሲያዘጋጁ ያሳያል። ሁሉም ወደ ሥራቸው አጎንብሰዋል። አንዲት ልጅ ግን ፊቷ በጥላሸት እንደጠቆረ፣ ልብሷ እንደነተበ ቀና ብላ በቀጥታ ተመልካቹን ታያለች። አትለምንም፤ አታለቅስም። ብቻ ታያለች። በክሮግ ሥዕል ላይ ያሉት ሴቶች የሚያዩት ዳቦውን ነው፤ እኛን የሚያዩበት ጊዜ የላቸውም። ይህች ልጅ ግን «አንተስ ማነህ? እዚህ ምን ታደርጋለህ?» የምትል ትመስላለች። ከዚህ ላይ አንድ ትልቅ ልዩነት እንማራለን። ሰውን እንደ ዕቃ ማየት አለ፤ ሰውን እያየን እርሱም እንደሚያየን ማወቅ ደግሞ አለ። የመጀመሪያው ተመልካቹን ዳኛ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ተጠያቂ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ይህ ጥያቄ በአገራችን ታሪክ ከሥዕል ክፍል ውጭ ብዙ ሥራ ሠርቷልና። በወሎ የደረሰውን ረሃብ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 ቀርጾ ለዓለም አሳየ። ያ ፊልም በአገራችን ቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ነበር። ወታደሮቹ የረሃብተኛውን መልክ ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስል ጋር እያፈራረቁ አሳዩት። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። አደባባይ የወጣው እውነት ብዙውን ሰው አስለቅሷል፤ አባቶቻችን ዛሬም ድረስ ያወሩታል። ነገር ግን አሥር ዓመት አለፈና በ1977 ዓ.ም. መስከረም ያው መንግሥት አሥረኛ የአብዮት በዓሉን በታላቅ ድግስ ሲያከብር በወሎና በትግራይ ሕዝብ እየረገፈ ነበር። ይህኛው ረሃብተኛ ግን እንዲታይ አልተፈለገም። የኬንያው ካሜራማን መሐመድ አሚንና እንግሊዛዊው ማይክል ባክ በጥቅምት ወር ከኮረም ያስተላለፉት ፊልም ነው ዓለምን የቀሰቀሰው።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? የተራበን ሰው ምስል ያሳየ ሁሉ ለተራበው ቆሟል ማለት አይደለም። ያንኑ መልክ አንድ እጅ ሥልጣን ለመያዝ ያወጣዋል፤ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ደግሞ ይደብቀዋል። ይህን የምንለው ምስሉ ባይታይ ይሻል ነበር ለማለት አይደለም። የኮረሙ ፊልም ባይታይ ኖሮ የደረሰው እህል ባልደረሰም ነበር። መለኪያው ግን የእናታችን ጥያቄ ነው፦ ዳቦው ደረሳቸው ወይ? ለኮረም ለአንዳንዱ ደረሰ፤ ለብዙው ዘገየ። የ1967ቱ ምሽትስ? መልሱን አንባቢ ራሱ ይስጥ።

በዚህ ሰፈርም ካሜራ የያዘ እንግዳ ብርቅ አይደለም። መኪናው ይቆማል፤ ሕፃናት ይሰበሰባሉ፤ ከሕፃናቱም መካከል አፍንጫው ያልተጠረገው፣ ሸሚዙ የተቀደደው ይመረጣል። ጫማ ያደረገው ልጅ «አንተ ወደዚያ ፈቀቅ በል» ይባላል። ብዙዎቻችን ይህን በዓይናችን አይተናል። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ልጅ እውነት ነው፤ ፈቀቅ የተደረገውም ልጅ እውነት ነው። እውነቱን በሁለት ከፍሎ ግማሹን ብቻ መውሰድ ግን ውሸት ከመናገር የሚለየው በጥቂቱ ነው።

«ታዲያ ፈቃድ ይጠየቅ» የሚል ይኖራል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። ራሽን ሰልፍ ላይ የቆመች እናት ካሜራ የያዘው ሰው ከእህሉ ጋር የመጣ ይሁን አይሁን በምን ታውቃለች? «ፎቶ ላንሳሽ?» ስትባል «እምቢ ብል ከመዝገብ እሰረዝ ይሆን?» ብላ ብታስብ ይፈረድባታል? በዳቦ ፊት የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ አይባልም። እጁ የተዘረጋ ሰው «አይሆንም» ለማለት የሚያወዛውዘው ነፃ እጅ የለውም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ቅደም ተከተሉ መስተካከል አለበት፦ መጀመሪያ ዳቦው፤ ዳቦው ከተበላ በኋላ ጥያቄው፤ ከጥያቄው በኋላ ሥዕሉ። የጠገበ ሰው «አይሆንም» ለማለት ይችላል፤ «ይሁን» ካለም ቃሉ የእርሱ ነው።

ሁለተኛም የተራበ ሰው ሁልጊዜ የተራበ ብቻ ሆኖ እንዲታይ መፍረድ ሌላ ግፍ ነው። ከወረቀቶቹ ላይ የሰሜን ሠዓልያን የሠሯቸው ሌሎች ሥዕሎች አሉ። ዴንማርካዊው ቪልሄልም ሃመርስሆይ ከ1898 እስከ 1909 በኮፐንሃገን ሲኖርበት የነበረውን ቤት ደጋግሞ ስሏል፦ ባዶ ክፍል፣ ክፍት በር፣ ከመስኮት የሚገባ ብርሃን፣ አንዳንድ ጊዜም ጀርባዋን የሰጠች ሴት። ከክበባችን አንዱ «ይህ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» ቢልም ብዙዎቻችን ከሁሉ አብልጠን ያየነው ይህንኑ ነበር። በአንድ ድንኳን ሰባትና ስምንት ሆኖ ለሚያድር ሰው የሚዘጋ በር ያለው ጸጥተኛ ክፍል ቅንጦት አይደለም። ናፍቆት ነው። ድሃ የድሃ ሥዕል ብቻ ሊያይ ይገባል ያለ ማን ነው?

ፊንላንዳዊቷ ሄለነ ሼርፍቤክ ደግሞ በአራት ዓመቷ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ዕድሜዋን ሙሉ ስታነክስ የኖረች ሠዓሊ ናት። በ1888 የሠራችው ሥዕል ከሕመም በማገገም ላይ ያለች ሕፃን ወንበር ላይ ተቀምጣ በኩባያ ውስጥ ያለች ያቆጠቆጠች ጨንገር ስትመለከት ያሳያል። ሕፃኗ ታማለች፤ ሥዕሉ ግን የበሽታ ሥዕል አይደለም። የልጅቱ ሐሳብ በሙሉ በዚያች ቡቃያ ላይ ነው። ሠዓሊዋ ልጅቱን በጎደላት ነገር ሳይሆን በምታየው ነገር አሳየቻት። ሠዓሊዋ ራሷ በእርጅናዋ በጦርነቱ ምክንያት በ1944 ወደ ስዊድን ሄዳ እዚያው በ1946 እስክታርፍ ድረስ የራሷን ፊት ደጋግማ ስላለች። የሚከሳውን፣ የሚገረጣውን የራሷን መልክ ማንም ሳያስገድዳት አየችው። ስለዚህ የሰው መልክ በመጀመሪያ የባለቤቱ ስለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናገኝም።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ሕጉን ለሌላው አውጥተን ለራሳችን እንዳናላላው እንጠንቀቅ። የእኛም ቅጠል የሰፈራችንን ሰው ይጽፋል፤ ይስላል። በዚህ ሰሞን አንድ ወጣት በከሰል የሣላትን አንዲት እናት ለኅትመት አቀረበልን። እናት በራሽን ሰልፍ ላይ ጆንያዋን ይዛ ቆማለች። ሥዕሉ ጥሩ ነው፤ እጇን አሳምሮ ይዞታል። አዘጋጆቹ ግን ከላይ ያልነውን አስበን «ራሽኗን ከወሰደች በኋላ፣ ቤቷ ሄደህ፣ ሥዕሉን አሳያትና ጠይቃት» አልነው። እርሱም ሄዶ ጠየቃት።

መልሷን እንዳመጣው እናስፍረው። ሰልፉ እንዳይጠፋ ጠየቀች፤ «የቆምኩበት ነው፤ ምን አሳፈረኝ?» አለች። ነጠላዋ ግን በሥዕሉ ላይ ተንሸራቶ ስለነበር እንዲስተካከልላት ፈለገች። ስሟ እንዲጻፍ ግን አልፈቀደችም፤ አገር ቤት የቀሩ ዘመዶች አሏትና። እኛ መምህራን በኮሌጅ ሳለን «ሰውን በስሙ መጥራት ማክበር ነው» እየተባልን ተምረናል፤ እውነትም ነው። ስደት ግን አንድ ነገር ጨመረልን፦ አንዳንድ ጊዜ ስምን መሸሸግም ማክበር ነው። የትኛው እንደሚሻል የሚያውቀው ባለስሙ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ነጠላው ተስተካክሎ፣ ያለ ስም፣ በዚህ እትም ከገጹ በስተግራ ወጥቷል። ወጣቱም ሁለተኛ ቅጂ ሠርቶ ሰጥቷታል፤ ቤቷ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች ሲሉ ሰምተናል።

በመጨረሻም አቋማችንን ባጭሩ እንናገር። የተራበ ሰው መልክ የተራበው ሰው ነው። ሠዓሊ ይዋሰዋል እንጂ አይወርሰውም፤ የተዋሰ ደግሞ ይመልሳል። መመለሻው አንዳንዴ ዳቦ ነው፤ አንዳንዴ እንደ ክሮግ ለባለመልኩ ተከራክሮ መቀጣት ነው፤ አንዳንዴም አንድ ቅጂ ሥዕልና የተስተካከለ ነጠላ ነው። ሙዚየሞቹም ለመጪው ዐውደ ርእያቸው ከሥዕሉ ሥር የሠዓሊውን ስምና ዘመን ሲጽፉ፣ በሥዕሉ ላይ ያሉት ሰዎች ማን እንደነበሩና ምን እንደደረሰባቸው የሚታወቀውን ያህል ቢጽፉ መልካም ነበር። በቦታው ተገኝተው ሥዕሉን የሚያዩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ ከክሮግ ሥዕል ፊት ሲደርሱ የእናታችንን ጥያቄ በእኛ ስም እንዲጠይቁልን አደራ እንላለን።

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ አንባቢ እንደሚኖር እናምናለን። በተለይም «እውነት ከፈቃድ ይበልጣል፤ ፈቃድ የሚጠበቅ ቢሆን የኮረሙ ፊልም ባልኖረም» የሚል ካለ ክርክሩ ቀላል አይደለምና አስተያየቱን ጽፎ እስከ ወሩ መጨረሻ ለክበቡ ጸሐፊ ያድርስልን። ወረቀት ስለሚያጥረን በሁለቱም ገጽ ቢጻፍ ደስ ይለናል። ቸር ያሰማን።